በመስኮት በኩል የታዩ ሰዎች፤ «ሆልድ ስቲል» ስለ ተባለው የፎቶግራፍ ስብስብ

ፎቶግራፍ በአገራችን ልማድ ብቻውን ተቀምጦ የሚታይ ነገር አይደለም። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የቤቱ እመቤት አልበሙን ከቁም ሣጥኑ አውጥታ አጠገቡ ትቀመጥና ገጹን አንድ በአንድ ትገልጥለታለች። «ይህቺ የእትዬ ታናሽ ናት፤ ይህ ደግሞ ወደ ጅማ ሊዛወር ሲል የተነሣው ነው፤ ይህችን አታውቃትም፥ ሞታለች» እያለች ትነግረዋለች። እንግዳውም በዓይኑ ያያል፥ በጆሮው ይሰማል፤ ሥዕሉ ያለ ባለቤቱ ቃል የታየ እንደ ሆነ ግማሹ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ፎቶግራፍ ሲሆን ግን ተናጋሪው አብሮ ሊሄድ ስለማይችል ቃሉ በሥዕሉ ጀርባ ላይ ይጻፋል። የወላጆቹንና የአያቶቹን ፎቶግራፎች ገልብጦ ያየ ሰው፥ ሥዕሉ ለማን መታሰቢያ እንደ ተላከ የሚናገር አጭር ቃል ከቀንና ከፊርማ ጋራ ብዙ ጊዜ ያገኛል።

ይህን ልማድ በመግቢያው ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የምመረምረው የፎቶግራፍ ስብስብ የተሠራው በሌላ አገር፥ በሌላ ሕዝብ መካከል ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ባየሁት ጊዜ በተሳሳተ መስፈሪያ ስለ ለካሁት፥ አሁን በእጄ ባለው መስፈሪያ ደግሜ ልለካው አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት «ዓ. ም.» ከተባሉት በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት መጋቢት 23 ቀን 2020 ሕዝቡ ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። በሎንዶን ከተማ ያለው ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ፥ ማለት የአገሪቱ ሰዎች መልክ የሚታይበት የሥዕል ቤት፥ እርሱም እንደ ሌሎቹ በሩን ዘጋ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ግን ግንቦት 7 ቀን 2020 የዚያን ጊዜዋ የካምብሪጅ መስፍን ባለቤት፥ የዛሬዋ የዌልስ ልዕልት፥ ከዚሁ የሥዕል ቤት ጋራ ሆና ሕዝቡን አንድ ነገር ለመነች፤ እያንዳንዱ ሰው በተዘጋበት ቤት ወይም በሚሠራበት ስፍራ ሳለ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይላክ ተባለ። ክፍያ የለም፤ የዕድሜ ገደብም የለም። የሥራውም ስም «ሆልድ ስቲል» ተባለ፤ ይህም ፎቶግራፍ አንሺ መሣሪያውን ደግኖ «እንዳትነቃነቅ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በዚያ ጊዜ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ መንግሥትም ሕዝቡን የሚለው ይህንኑ ነበርና።

በ6 ሳምንት ውስጥ 31,598 ፎቶግራፎች መጡ። ከነዚህም 5 ዳኞች 100 መረጡ። የተመረጡት በመስከረም ወር 2020 በኮምፒዩተርና በስልክ እንዲታዩ ተደረገ፤ በጥቅምት ወር ደግሞ በትልቁ ታትመው በ80 ከተሞች ውስጥ በየመንገዱና በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተሰቀሉ፤ ልክ በዓመቱ ግንቦት 7 ቀን 2021 በመጽሐፍ ወጡ። የሥዕሉ ቤት ራሱ ለእድሳት እንደ ተዘጋ ቈይቶ የተከፈተው ሰኔ 22 ቀን 2023 ነው። እንግዲህ ይህ ኤግዚቢሽን ቤት ሳይኖረው የተደረገ ኤግዚቢሽን ነበር።

በዚያን ጊዜ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሰሜን እንግሊዝ በአንዲት ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈ ነበር፤ ያውም አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ። ስብስቡን በመስከረም ወር በስልኬ ላይ ባየሁት ጊዜ ናቅሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተማሪዎችና መምህራን በኮምፒዩተር በሚገናኙበት ጉባኤ ላይ ንቀቴን በድፍረት ተናገርሁ። ያልሁትም በአጭሩ ይህ ነበር፤ ቤተ መንግሥት የጠራው፥ ዳኞች ያጣሩት፥ የሕዝቡን ሐዘን አጣፍጦ መልሶ ለሕዝቡ የሚያቀርብ ሥራ ነው። ንግግሬ ተወድዶልኝ ነበር። ከዚህ አባባል ውስጥ ዛሬም የማልተወው ክፍል አለ፤ ወደ እርሱም እመለሳለሁ። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሥዕሎቹን ያየሁት በፍጥነት፥ በጣቴ እየገፋሁ፥ የተጻፈባቸውንም ሳላነብ ነበር።

ከ5ቱ ዳኞች አንዱ ባለቅኔው ለምን ሲሳይ መሆኑን ያኔ አውቄ እንኳ ትኩረት አልሰጠሁትም። ሌሎቹ ልዕልቲቱ ራሷ፥ የሥዕል ቤቱ ዲሬክተር ኒኮላስ ከሊናን፥ የእንግሊዝ የነርሶች የበላይ ሩት ሜይ እና ፎቶግራፍ አንሺዋ ማርያም ዋሂድ ነበሩ። ለምን ሲሳይ በ1967 ከኢትዮጵያዊት እናት በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ ነገር ግን በሌላ ስም ተጠርቶ በመጀመሪያ በአሳዳጊ ቤተ ሰብ ዘንድ፥ ኋላም በሕፃናት ማሳደጊያ ቤቶች ውስጥ አደገ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ያወቀው ጕልማሳ ሊሆን ሲል ነው። የሕይወት ታሪኩን በ2019 ሲያሳትም ለመጽሐፉ የሰጠው ርእስ የዚህኑ ስም ትርጉም ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። የመጽሐፉም ዋና መሠረት ባለ ሥልጣኖች ስለ እርሱ ጽፈው ያስቀመጡት መዝገብ ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ ልጅነት ዘመዶቹን በመጠየቅ ፈንታ የመዝገብ ቤት ወረቀት ማንበብ ሲገደድ፥ አልበሙን ገልጣ «ይህ አንተ ነህ» የምትል እናት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የዳኞቹ ሐሳብ በምስጢር የተደረገ ስለ ሆነ የትኛውን ሥዕል ማን እንደ መረጠ አላውቅም፤ ሆኖም ከመራጮቹ መካከል እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ስብስቡን ለማንበብ ይረዳል።

ከ100ዎቹ ሥዕሎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ነገር መስኮት ነው። ይህን ያየ ሁሉ ይናገረዋል፤ እኔም በጉባኤው ላይ እንደ ድክመት ቈጥሬው ነበር። አንድ ሕፃን ከውጭ ሆኖ፥ የእናቱ ወይም የአባቱ አያት የሆነች ባልቴት ደግሞ ከውስጥ ሆና፥ ሁለቱም ከንፈራቸውን በመስተዋቱ ላይ አድርገው ይሳሳማሉ። ይህን የመሰሉ ሌሎችም አሉ። እነዚህን ሥዕሎች ስንመረምር አንድ ነገር እናስተውላለን። መስኮት በተለመደው ጊዜ ለፎቶግራፍ አንሺ የብርሃን መግቢያ ነው፤ በነዚህ ውስጥ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰዎቹን ይለያል፤ የተለዩትንም በአንድ ክፈፍ ውስጥ ያገባል። ያለ መስተዋቱ ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው በታዩ፥ ፎቶግራፉም ከሺህ የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር። የመስተዋቱ ነጸብራቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሠፈሩን ሰማይና ዛፍ፥ አንዳንድ ጊዜም የፎቶግራፍ አንሺውን ጥላ በፊታቸው ላይ ይጥላል። ባለሙያ ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮ በጠረገው ነበር። እነዚህ ሰዎች አልጠረጉትም፤ ወይም መጥረጉን አላወቁበትም። ዳኞቹም ሥዕሎቹን የመዘኑት በአነሣስ ጥበብ ሳይሆን በያዙት ስሜትና ታሪክ እንደ ሆነ አስቀድመው ተናግረው ነበር። በዚህ ምክንያት ከአንድ ትልቅ የሥዕል ቤት ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ነገር በስብስቡ ውስጥ ቀርቶአል፤ ይኸውም ለማየት የሚቸኵል ሰው እጅ መንቀጥቀጥ ነው።

ከመስኮቱም የበለጠ ያስቆመኝ የሁለት እጆች ሥዕል ነው። ከ70 ዓመት በላይ በጋብቻ የኖሩ ባልና ሚስት ሁለቱም በበሽታው ተይዘው ሳለ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ያነሣቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ሁለቱም በቀናት ልዩነት ሞቱ። ፊታቸው አይታይም። የሰው መልክ ለማሳየት በተመሠረተ ቤት ስብስብ ውስጥ መልክ የሌለበት ሥዕል መግባቱ ራሱ የሚያስገርም ነው። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሥዕሉን ሳይ ያሰብሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ይህንንም ለመግለጥ ወደ አገራችን ጥቂት መመለስ ያስፈልገኛል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ለቅሶ መድረስ በኛ ዘንድ ምን እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሠፈሩ ይሞላል፤ የሟቹ ፎቶግራፍ በክፈፍ ሆኖ በመካከል ይቀመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም አልቃሽ ወይም የቅርብ ዘመድ በእጁ ይዞት ይቆማል። ፎቶግራፉ በዚያ ስፍራ ጌጥ አይደለም። ሟቹ በራሱ ለቅሶ ላይ የሚገኝበት መንገድ ነው፤ ሙሾውም የሚወርደው ወደ እርሱ ዞሮ ነው። በ2012 ዓ. ም. ግንቦት ወር ያሳደገችኝ አክስቴ ዐረፈች። በሽታዋ ሌላ ነበር፤ ዐዋጁ ግን ለሁሉም አንድ ነው። አውሮፕላን ስላጣሁ መሄድ አልቻልሁም። እኅቴ አንድ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ሰፊ ድንኳን፥ ተራርቀው የተቀመጡ 4 ሰዎች፥ በመካከላቸውም ወንበር ላይ የተቀመጠ የአክስቴ ፎቶግራፍ። ሌላ ምንም አልጻፈችበትም። እኔም ለብዙ ቀን በዚያች አንዲት መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ይህንኑ አየሁ።

ይህን የግል ነገር ያመጣሁት ሐዘኔን ለመናገር አይደለም። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ማታ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የሁለቱን እጆች ሥዕል በመንገድ ላይ በትልቁ ታትሞ አገኘሁት፤ ቆሜም ከሥሩ የተጻፈውን አነበብሁ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋራ ላኪው ራሱ የጻፈው አጭር ቃል አለ። በስልክ ሳየው የዘለልሁት ይህን ነበር። ቃሉ የባለቅኔ አይደለም፤ አብዛኛው እንዲያውም ለጎረቤት የሚነገር ዓይነት ነው፤ ማን እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ሆነ፥ በዚያ ቀን ምን እንደ ተባባሉ ይናገራል። አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ሴት፥ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ፥ እንደኔው ታነብ ነበር። እንግሊዞች በመንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው አያነጋግሩም። እርስዋ ግን «የእኔም እናት» አለችና ሳትጨርሰው ሄደች። ያን ጊዜ ሥዕሉ ጀርባ እንዳለው ተረዳሁ፤ የኛ ሰዎች በፎቶግራፍ ጀርባ ይጽፉት የነበረው ቃል እዚያ በፊት ለፊት ተጽፎአል። የስብስቡ ኃይል በሥዕሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉንና የባለቤቱን ቃል ባለመለያየቱ ላይ ነው እላለሁ። ስለዚህ በስልክ እየገፉ ከማየት ይልቅ በመጽሐፉ ማንበብ፥ ከመጽሐፉም ይልቅ በመንገድ ላይ ቆሞ ማየት የተሻለ ነበር፤ ይህም የመጨረሻው ዕድል ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበረ።

የኛም አገር ተመሳሳይ ሥራ እንዳለው ማስታወስ ይገባል። በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የታተመው መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቤት የተሰበሰቡ የቆዩ ፎቶግራፎችን ከባለቤቶቻቸው ትዝታ ጋራ አቅርቦአል። ያ መጽሐፍ የተሠራው ግን ስለ ሩቅ ዘመን ነው፤ ናፍቆትም ያጣፍጠዋል። «ሆልድ ስቲል» የተሰበሰበው ነገሩ ገና ሲሆን ሳለ፥ ማንም መጨረሻውን ሳያውቅ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ልብሷን ለብሳ የተነሣችው የአንዲት ነርስ ሥዕል፥ ያነሣቻትም ነርስ የሆነች ባልደረባዋ ናት፥ ዛሬ ስናየው የድል ሥዕል ይመስላል፤ በማንቸስተር ከተማም በግድግዳ ላይ በቀለም ተሥሎ ነበር። ነገር ግን በተነሣበት ሰዓት ሁለቱም የሚመጣውን አያውቁም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሣለው ይህን አለማወቅ ሊያሳይ አይችልም። ፎቶግራፉ ግን ያሳያል።

አሁን ወደማልተወው ነቀፋ ልመለስ። ላኪዎቹ ሥዕል እንዲልኩ የተጠየቁት በ3 ርእሶች ነው፤ ረዳቶችና ጀግኖች፥ አዲሱ አኗኗር፥ የደግነት ሥራዎች። ለቂም የተሰጠ ርእስ የለም። በአንዲት ጠባብ ክፍል ስለ ታሰሩ ባልና ሚስት ጠብ፥ ኪራይ ስለ ጠየቀው የቤት ባለቤት፥ ደብዳቤ ልከው መልስ ስላጡ ሰዎች የሚናገር ሥዕል በየትኛው ርእስ ሥር ይላካል? ቁጣ በስብስቡ ውስጥ ፈጽሞ የለም አልልም፤ የጠያቂው አፍ ግን የመላሹን አፍ አስቀድሞ ቀርጾታል። የሕዝብ ልማድ ለመመርመር ወደ ገጠር ወጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ስሕተት ያውቀዋል፤ «ስለ ደግነታችሁ ንገሩኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው ደግ አገር አግኝቶ ይመለሳል። መጽሐፉ ይህን በ2020 የአገሪቱ መልክ ነው ብሎ በሽፋኑ ላይ መጻፉ ከሚችለው በላይ መሸከም ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የቍጥሩ ነገር ነው። 31,598 ሰዎች በራቸውን ከፍተው አሳዩ፤ 100 ብቻ ታዩ። የቀሩት 31,498 ለማን ታዩ? በዚያው በእንግሊዝ አገር ለማነጻጸር የሚመች ሌላ ሥራ አለ። በ1937 «ማስ ኦብዘርቬሽን» የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ፥ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ ዘውድ በጫኑበት በግንቦት 12 ቀን ተራው ሰው የዋለበትን ጽፎ እንዲልክለት ጠየቀ፤ በ2020ም በዚያው በግንቦት 12 ቀን ሕዝቡ እንደገና ተጠይቆአል። ጽሑፎቹ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማንም ግን ውብ የሆነውን ከውብ ካልሆነው ለይቶ አልጣለም፤ ስልቹው ከባለ ታሪኩ ጋራ እኩል ቦታ አለው። ለዓይን የሚያስደስት ነገር የለውም፤ የሚያነቡትም ተመራማሪዎች ናቸው እንጂ ዳቦ ልትገዛ የወጣች ሴት አይደለችም። እንግዲህ ለምርምር የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዚያች ማታ በመንገድ ላይ የሆነውን ግን ሊያደርግ አይችልም ነበር። ሁለቱን በአንድ ሥራ ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ ቢያንስ ግን ከ100ዎቹ ጋራ ያልተመረጡት በየሠፈራቸው እንዲታዩ ቢደረግ፥ ጎረቤት የጎረቤቱን መስኮት ባየ ነበር።

በኛ አገር የ2012 ዓ. ም. ሥዕሎች ያልተጠሩ ናቸው። የ1911 ዓ. ም.ን የኅዳር በሽታ የምናስታውሰው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን በምናጤሰው ጢስ ነው፤ ጢሱን የሚያጤሰው ልጅ ምክንያቱን ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የአሁኑ ግን በየሰዉ ስልክ ውስጥ ተቀምጦአል። ከዘመድ ወደ ዘመድ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ቤይሩት፥ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ቴል አቪቭ ሄዶአል፤ ስልኩ ሲበላሽም ይጠፋል። ጀርባ ስለሌለው ማን እንደ ሆነ የተጻፈበት የለም። የሙዚየምና የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን ይህን ለመሰብሰብ ቢያስቡ፥ ዳኛ ከመሾማቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሥዕል ባለቤቱ የሚናገርበትን ስፍራ እንዲያዘጋጁለት እመክራለሁ።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ እኅቴ የላከችልኝን ፎቶግራፍ በወረቀት አሳትሜ ለእናቴ ሰጠኋት፤ በጀርባውም የ4ቱን ሰዎች ስም እንድታስጽፈኝ ለመንኋት። የመጀመሪያው የዕድሩ ሊቀ መንበር ነው። ሁለተኛዋ ጎረቤታችን፥ ሦስተኛው ከደብረ ብርሃን የመጣው የአክስቴ ልጅ ናቸው። አራተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፥ አፍና አፍንጫዋንም በጭምብል ሸፍናለች፤ እናቴ የአክስቴ የድሮ ባልንጀራ ናት ትላለች፥ እኅቴ ደግሞ አይደለችም ትላለች። ስፍራውን ባዶ ትቼዋለሁ።